ዶሮ ሁሉ አንድ አይደለችም፤ ከማስገባታችሁ በፊት ጠባይዋን እወቁ

ዛሬ ስለ ማዳበሪያም ስለ ድንች ዋግም አልጽፍም። ዛሬ ስለ ዶሮ ጠባይ ነው የማወራችሁ።

አዎ፣ ጠባይ ነው ያልኩት። ስለ ዶሮ ዝርያ፣ ስለ መኖ፣ ስለ ክትባት ብዙ ጊዜ አውርተናል። ስለ ጠባይዋ ግን አንድም ቀን በወጉ አላወራንም። የእኔ ሀሳብ አጭር ነው። «በዓመት ስንት እንቁላል ትጥላለች?» የሚለው ጥያቄ ሁለተኛ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ጠባይዋ ለእኔ ቤት፣ ለእኔ ጓሮ፣ ለጉና ብርድና ለጉና ጭልፊት ይስማማል ወይ?» የሚለው ነው። ይህን ሳንጠይቅ የምናስገባት ዶሮ፣ ዝርያዋ የቱንም ያህል የተመረጠ ቢሆን፣ ወይ የሸለምጥማጥ ራት ትሆናለች፣ ወይ እህላችሁን ጨርሳ ባዶ እጃችሁን ታስቀራችኋለች።

በስልካችሁ የሚናገር በቀቀን ሳታዩ አልቀራችሁም። አንዱ ይሳደባል፣ አንዱ ይዘፍናል፣ አንዱ ጌታው ሲወጣ ይኮርፋል። በውጭ አገር ሰው በቀቀን ሲገዛ ስለ ጠባዩ ይጠይቃል፤ ይህኛው ጯሂ ነው፣ ያኛው ቀናተኛ ነው፣ ይህኛው ብቻውን ከተተወ ላባውን ይነጫል ይባባላል። አሌክስ የሚባል ግራጫ የአፍሪካ በቀቀን ነበር። አይሪን ፔፐርበርግ የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1977 ከሱቅ ገዝተው እስከሞተበት እስከ 2007 ድረስ 30 ዓመት አስተምረውታል። ቀለም ይለይ፣ ቁጥር ይቆጥር፣ መቶ ገደማ የሚሆን ቃል ያውቅ ነበር። እኛም አገር ቢሆን በቀቀን አለን፤ ጭንቅላቱ ቢጫ፣ ገላው አረንጓዴ የሆነው በቀቀን በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ደጋ ጫካዎች ብቻ የሚገኝ ነው።

እንግዲህ ሰው ለበቀቀን ጠባይ ይህን ያህል ከተጨነቀ፣ እኛ በየቀኑ አብረውን ለሚያድሩት ወፎች ምን ያህል ተጨንቀናል? ስንጠየቅ «ያው ዶሮ ናታ!» ብለን እናልፋለን። እናቶች ግን አያልፉም። አንዲትን እማወራ ስለ ዶሮዎቿ ጠይቋት። «ገብስማዋ ጉልበተኛ ናት፣ ሌሎቹን አታስበላም። ቀይዋ ሌባ ናት፣ ጎረቤት ሄዳ ነው የምትጥለው። ወሰራዋ ግን እናት ናት፣ ጭልፊት እንኳ አይደፍራትም» ትላችኋለች። በየስልጠናው ላይ የማይጠቀሰው ትልቁ እውቀት ይሄ ነው።

ጠባይ ስንል ምን ማለታችን ነው?

ለእኛ ሥራ የሚጠቅሙት አራት ነገሮች ናቸው።

1ኛ፦ ንቃትና ፍርሃት። ጥላ ሲያልፍባት ትሸሻለች ወይስ ቆማ ታያለች?

2ኛ፦ የመታቀፍ ፍላጎት። እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች ወይስ ተቀምጣ ልትፈለፍል ትፈልጋለች?

3ኛ፦ ከሌሎች ዶሮዎች ጋር ያላት ኑሮ። ታባርራለች፣ ትባረራለች፣ ወይስ ተስማምታ ትበላለች?

4ኛ፦ ሠርቶ የመብላት ነገር። ጭራ ታድራለች ወይስ እጃችሁን ትጠብቃለች?

ከእነዚህ ገሚሱ በዘር የሚመጣ ነው፤ ገሚሱ ደግሞ የእያንዳንዷ የግሏ ነው። ከአንዲት እናት በአንድ ቀን የተፈለፈሉ ሁለት ቄቦች እንኳ አንዷ ደፋር፣ አንዷ ድንጉጥ ትሆናለች። የሰው ልጅም ያው አይደል?

ዘር በዘር ስናያቸው

የአገር ዶሮ፦ «የአገር ዶሮ» ብለን በአንድ ስም እንጠራታለን እንጂ አንድ አይደለችም። ዶክተር ሀሊማ ሀሰን እ.ኤ.አ. በ2007 ባጠናቀቁት የዶክትሬት ጥናታቸው በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ሰባት የአገር ዶሮ ዓይነቶችን በየአካባቢያቸው ስም ለይተዋቸዋል። ጥሊሊ፣ ገሊላ፣ ደብረ ኤልያስ፣ መሎ ሐሙሲት፣ ጓንጓ፣ ሜጫ፣ እና የእኛው ጋሳይ/ፋርጣ። አያችሁ? ከጓሯችሁ የምትጭረው ዶሮ በጥናት ላይ ስም አላት።

ጠባይዋስ? ቆቅ ናት በሉት። ሰማዩን በአንድ ዓይኗ፣ መሬቱን በሌላው ዓይኗ ትጠብቃለች። አንድ የማይታወቅ ነገር ልንገራችሁ፤ ዶሮ ለሰማይ ጠላትና ለምድር ጠላት የተለያየ ድምፅ አላት። ጭልፊት ሲመጣ የምታሰማው ሌላ ነው፣ ውሻ ወይም ሸለምጥማጥ ሲመጣ የምታሰማው ሌላ ነው። ሌሎቹ ድምፁን ሰምተው ብቻ የሚሸሹበትን ያውቃሉ፤ ለጭልፊቱ ከቁጥቋጦ ሥር ይገባሉ፣ ለውሻው አንገታቸውን ቀና አድርገው ይቆማሉ። በተመራማሪዎች ሙከራ የተረጋገጠ ነገር ነው። የአገር ዶሮ ይህን ከእናቷ ጋር እየዋለች ትማራለች። ጭራ ታድራለች፣ ትታቀፋለች፣ ጫጩቷን ታሳድጋለች። ጉድለቷ እንቁላሏ ነው፤ በአንድ ዙር ከ12 እስከ 15 ያህል ትጥልና ትታቀፋለች፣ በዓመት ሲደመር ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 60 ቢሆን ነው።

ቦቫንስ ብራውን፦ የሰው ወዳጅ ናት። በሩን ስትከፍቱ ወደ እናንተ ትሮጣለች፣ ከእግራችሁ ሥር አትጠፋም። ልጆች ይወዷታል። በደንብ ከተያዘች በዓመት ከ300 በላይ እንቁላል የመጣል አቅም አላት። ግን ይህች ዶሮ የተሠራችው ለቤት ውስጥ ነው። የመታቀፍ ፍላጎቷን አርቢዎቹ ሆን ብለው ከዘሯ አስወጥተውታል፤ የምትታቀፍ ዶሮ እንቁላል መጣል ታቆማላቻ! እናት የምትባል ነገር ሳታይ በማሽን ተፈልፍላ፣ በአምፖል ሞቃ አድጋለች። ስለዚህ የጭልፊትን ድምፅ ያስተማራት የለም። የሚያስፈራውን አትፈራም። በዚህ ላይ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ትፈልጋለች፤ 10 ዶሮ በወር ወደ 35 ኪሎ ማለት ነው። መኖው ሲጓደል ወዳጅነቷ ወደ መጥፎ ጠባይ ይለወጣል፤ ላባ መንጨት ይጀመራል።

ሳሶ፦ ረጋ ያለች፣ ከበድ ያለች፣ ሆዷን የምትወድ ናት። አትጣላም፣ አትበርም፣ ብዙም አትርቅም። ሥጋዋ ፈጥኖ ይሞላል። ነገር ግን መሸሽ ላይ ቀርፋፋ ናት፤ ቆጥ ላይ መውጣትም ይከብዳታል። መሬት ላይ የምታድር ከሆነ በራችሁና ግድግዳችሁ ደህና መሆኑን አረጋግጡ።

ኮክ፦ ያቺ ጥቁርና ነጭ ዝጉርጉሯ። ከደቡብ አፍሪካ ፖቸፍስትሩም ከሚባል ቦታ የመጣች ናት። እኔ መሀለኛዋ እላታለሁ። እንደ ቦቫንስ ብዙ አትጥልም፣ እንደ አገር ዶሮም አትፈራም። ለቀቅ ሲያደርጓት ትጭራለች፣ አንዳንዷም ትታቀፋለች። ጓሮ ላላቸው፣ መኖ ግን ሙሉ በሙሉ መግዛት ለማይችሉ ሰዎች የምትስማማ ይመስለኛል።

ሌግሆርን፦ ነጯ። ጥሩ ጣይ ናት፣ ግን ድንጉጥ ናት። በር ሲንኳኳ ግድግዳ ላይ የምትወጣ ዓይነት። ልጆች የሚሯሯጡበት፣ ውሻ የሚጮህበት ግቢ አይሆናትም። የደነገጠች ዶሮ ደግሞ እንቁላል ታቆማለች።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ «መጥፎ ዶሮ» የለችም። ያለቦታዋ የገባች ዶሮ ግን አለች። የጉና አናት ከ4,100 ሜትር በላይ ነው፤ ደብረ ታቦርም 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ውርጭ አለ፣ ቀን ደግሞ ሜዳው ገላጣ ስለሆነ ጭልፊት ከሩቅ ያያል። ለሞቃት ቤት የተሠራችን ዶሮ ይህ ሜዳ ላይ ለቆ «ለምን ሞተች?» ማለት በሬን ገደል አፋፍ አስሮ ለምን ወደቀ እንደማለት ነው።

ብዙ የምትጥለው ሁልጊዜ የተሻለችው አይደለችም

ዶሮዎች በመካከላቸው ማዕረግ አላቸው። ማን ቀድሞ እንደሚበላ፣ ማን ቆጡ ላይ የት እንደሚያድር፣ ማን ማንን እንደሚነቁር የታወቀ ነው። ይህን መጀመሪያ በጽሑፍ ያሰፈረው ቶርሌፍ ሼልደሩፕ ኤበ የተባለ የኖርዌይ ሰው ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የቤታቸውን ዶሮዎች እያየ ይመዘግብ ነበር፣ ጥናቱንም እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ ላይ አወጣው። ማዕረጉ ከተያዘ በኋላ መንጋው ሰላም ነው። አዲስ ዶሮ በገባ ቁጥር ግን ሁሉም ነገር እንደገና ይጀመራል፤ ጠብ ይነሳል፣ እንቁላልም ይቀንሳል።

አሁን ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ዊሊያም ሙር የተባሉ የአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1996 አንድ ሥራ አሳትመው ነበር። ዶሮዎችን ብዙ ሆነው በአንድ ሳጥን አስቀመጡና ለዘር ሲመርጡ ብዙ የጣለችውን አንዷን ዶሮ አልመረጡም፤ አብረው በሰላም ኖረው ብዙ የጣሉትን ቤተሰቦች በሙሉ መረጡ። በጥቂት ትውልድ ውስጥ በዓመት የሚሞተው የዶሮ ብዛት ከ68 ከመቶ ወደ 9 ከመቶ ገደማ ወረደ። አስቡት፤ መድኃኒት አልተቀየረም፣ የተቀየረው ጠባይ ነው። አንዷ ዶሮ ብዙ ስለጣለች ጎበዝ ትመስለናለች። ነገር ግን ሌሎቹን እየነቆረች፣ መኖ እየከለከለች፣ በእነሱ ኪሳራ ሊሆን ይችላል የጣለችው። በመንደርም እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም!

ስለዚህ ከዶሮዎቻችሁ ዘር ስታስቀሩ የእንቁላል ቁጥር ብቻ አትዩ። ከእሷ ጋር የሚውሉትም ጥለው እንደሆነ እዩ።

ታቃፊዋን ዶሮ አትግፏት

እዚህ ላይ ከብዙ ሰው ጋር ልጣላ እችላለሁ፤ ግን እናገራለሁ። ዶሮ መታቀፍ ስትፈልግ «ሰነፈች፣ እንቁላል አቆመች» ብለን እንበሳጫለን። ከዚያ ቁልቁል እንሰቅላታለን፣ ውሃ ውስጥ እንነክራታለን፣ አፍንጫዋ ውስጥ ላባ እንሰካለን። ኧረ ተዉ! መጀመሪያ ነገር ዶሮዋ አልሰነፈችም፤ ፕሮላክቲን የሚባል ሆርሞን በደሟ ውስጥ ሲጨምር ተፈጥሮዋ «ተቀመጪ» ይላታል። ሁለተኛ፣ እሷን ማሠቃየት ሳያስፈልግ ማስተው ይቻላል። ጎጆዋን አንሱባት፣ ብርሃን ያለበት፣ ወለሉ አየር የሚያስገባ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ውሃና ጥሬ ሰጥታችሁ ሦስት አራት ቀን አቆዩአት። ሆዷ ሲቀዘቅዝ ትተወዋለች።

ግን ለምን ታስተዋታላችሁ? የእንቁላል ማስፈልፈያ ማሽን የሚገዛው፣ መብራት የሚከፈለው፣ መብራት ሲጠፋም እንቁላሉ የሚበላሸው እሷ በነፃ የምትሠራውን ለመሥራት ነው። 21 ቀን ሙሉ ሙቀቱን ጠብቃ፣ እንቁላሉን በየቀኑ ደጋግማ እያገላበጠች፣ ለመብላት እንኳ ለአጭር ጊዜ ብቻ ተነስታ ትመለሳለች። ከተፈለፈሉ በኋላም ለሁለት ወር ገደማ ጫጩቶቹን ከክንፏ ሥር ታሞቃለች፣ ጥሬ መልቀምና ከጭልፊት መሸሽ ታስተምራለች። በጉና ብርድ ከዚህ የተሻለ ማሞቂያ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

ደግሞ ታቃፊ ዶሮ የማን እንቁላል እንደሆነ አትጠይቅም። የተራቡ የኮክ ወይም የሌላ የተሻሻለ ዘር እንቁላሎችን፣ ማለትም ከአውራ ጋር ከዋለች ዶሮ የተጣሉትን፣ ከሥሯ ብታስቀምጡ የራሷ አድርጋ ትፈለፍላለች። በገላዋ መጠን ከ10 እስከ 12 ይበቃታል፤ ስግብግብ ሆነን 18 ብናስታቅፋት ዳር ዳሩ ይቀዘቅዛል። አንድ ቀን የሆናቸውን የማሽን ጫጩቶችም ቢሆን በጨለማ ቀስ ብላችሁ ከሥሯ ብታስገቡ አብዛኛዋ ታቃፊ ትቀበላቸዋለች። ጠዋት ላይ ግን ቆማችሁ እዩ፤ የምትነቁራቸው ከሆነ ወዲያው አውጧቸው።

እንግዲህ እኔ የምለው የአገር ዶሮና የተሻሻለ ዶሮ ጠላት አይደሉም ነው። የአንዷ እንቁላል፣ የሌላዋ እናትነት ሲጋጠም ነው ቤት የሚሞላው። የምትታቀፈውን ሁሉ «ዘመናዊ አይደለችም» ብለን ከሸጥናት ግን በየዓመቱ ጫጩት ገዢ ሆነን እንቀራለን። ጫጩት አቅራቢው ሲዘገይ ወይም ዋጋ ሲጨምር ደግሞ እጃችን ላይ ምንም የለም።

ጊዜውንም አስቡበት። በዐቢይ ፆም እንቁላል ገበያ ላይ ይረክሳል፤ የሚበላው የለማ! ያን ጊዜ በርካሽ ከመሸጥ ማስታቀፍ ይሻላል። በመጋቢት የተፈለፈለ አውራ ለእንቁጣጣሽ ስድስት ወር ይሞላዋል፤ ገበያው ያኔ የእናንተ ነው። የፈንግል ክትባቱን ግን ክረምት ሳይገባ አስከትቡ፤ ፈንግል ለጠባየ መልካሟም አይራራም።

አውራውስ?

ስለ አውራ ስናወራ ልማዳችን ትንሽ ያሳዝነኛል። ለፋሲካ ወይም ለእንቁጣጣሽ የምንሸጠው የቱን ነው? ቀዩን፣ ድርብ ኩኩሉ ያለውን፣ ገላው የሞላውን፣ ድምፁ ያማረውን አይደል? ዋጋ የሚያወጣው እሱ ነዋ። ቤት የሚቀረውስ? የቀጨጨው፣ ገበያ የማይፈልገው። የሚቀጥለው ዓመት ጫጩቶች አባት የሚሆነው እንግዲህ እሱ ነው። በየበዓሉ ጥሩውን ዘር ለወጥ እየሰጠን፣ ደካማውን ለዘር እያስቀረን «የአገር ዶሮ አነሰች፣ ተበላሸች» እንላለን።

ጥሩ አውራ በመልኩ ብቻ አይታወቅም። ጥሬ ሲያገኝ ብቻውን ይበላል ወይስ ሴቶቹን ይጠራል? ያ «ኩት ኩት ኩት» የሚለው ድምፁ ምግብ አለ ማለቱ ነው። ጭልፊት ሲያይ ይጮኻል ወይስ ብቻውን ይሸሻል? አውራ ዶሮ ሴት ዶሮ አጠገቡ ስትኖር ለማስጠንቀቅ የበለጠ እንደሚጮኽም በጥናት ታይቷል። የጓሮው ዘበኛ እሱ ነው። ሰው ላይ የሚዘል፣ በተለይ የሕፃናትን ዓይን የሚፈልግ አውራ ግን ምንም ቢያምር ለዘር አይቅር፤ ክፉነቱም ወደ ልጆቹ ሊወርድ ስለሚችል ለበዓል መሸጥ ያለበት እሱ ነው።

በቤታችሁ እንዲህ አድርጉ

አንደኛ፦ አንድ ማለዳ ጥሬ በትናችሁ ሩብ ሰዓት ያህል ተቀመጡ። ምንም አትሥሩ፣ ዝም ብላችሁ እዩ። ማን ቀድማ በላች? ማን ተባረረች? ማን ጥጉን ይዛ ቀረች? ለሦስት ቀን ብትደግሙት የመንጋችሁን ማዕረግ ታውቁታላችሁ። ከዚያ መኖውን በሁለት ሦስት ቦታ አድርጉት፤ ጉልበተኛዋ አንዱን ስትጠብቅ ሌሎቹ ከሌላው ይበላሉ። ይህ ብቻ ብዙ ጠብ ያስቀራል።

ሁለተኛ፦ ስልካችሁ ለዚህም ይሁን። እያንዳንዷን ዶሮ ፎቶ አንሱና ስሟን፣ ስንት እንደታቀፈች፣ ስንት እንደፈለፈለች፣ ከሁለት ወር በኋላ ስንት ጫጩት እንደተረፈላት መዝግቡ። 12 ፈልፍላ 3 የተረፈላትና 9 ፈልፍላ 7 የተረፈላት ብትኖሩ እናት የምትባለው ሁለተኛዋ ናት። ዘር የምታስቀሩት ከእሷ ነው።

ሦስተኛ፦ አዲስ ዶሮ ስትገዙ ቀጥታ መንጋው ውስጥ አትጨምሩ። ሁለት ሳምንት ለብቻዋ አቆዩአት፤ በሽታም ካላት ይታወቃል። ከዚያ በወንፊት ሽቦ ወይም በእንጨት አጥር እየተያዩ ጥቂት ቀን ይዋሉ። በመጨረሻም ማታ በጨለማ ቆጡ ላይ አስቀምጧት። ሲነጋ አብራቸው ስታድር ስላገኟት ጠቡ ይቀንሳል።

አራተኛ፦ ዝምታን ከጠባይ ጋር አታምታቱ። ትናንት ስትሯሯጥ የነበረች ዶሮ ዛሬ ላባዋን አቁማ፣ ዓይኗን ጨፍና ጥግ ከያዘች «ዝምተኛ ሆነች» አትበሉ። ታማለች። ቶሎ ለዩአትና ባለሙያ ጥሩ። የእያንዳንዷን ጠባይ የሚያውቅ ሰው በሽታን ከማንም ቀድሞ ያያል፤ ጠባይ ማወቅ አንዱ ጥቅሙ ይሄ ነው።

አምስተኛ፦ ላባ መንጨት ከታየ መጀመሪያ ዶሮዋን አትውቀሱ። ቤቱ ጠቧቸዋል? መኖው ገብስና በቆሎ ብቻ ሆኖ የባቄላ፣ የኑግ ፋጉሎ፣ የትል ነገር ጎድሎታል? ሥራ ፈትተው ውለዋል? ጎመን ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉላቸው፣ ጭድ በትናችሁ ጥሬ ጣል ጣል አድርጉበት። ዶሮ ስትጭር ጠብ ትረሳለች።

ለእኛ ለባለሙያዎችም አንድ ነገር

ከ2015 ዓ.ም ወዲህ በሌማት ትሩፋት ብዙ ጫጩት በየቀበሌው ገብቷል። ሀሳቡ መልካም ነው፤ ልጆች እንቁላል እንዲበሉ የማይፈልግ ማን አለ? ቤት ሠርቶ፣ መኖ ገዝቶ መያዝ ለሚችል ሰው የተሻሻለች ዶሮ ከአገሯ ዶሮ ብዙ እጥፍ ትሰጠዋለች። ይህን አልክድም፣ ወጣቶች በዚህ ሲለወጡም አይቻለሁ።

ነገር ግን እኛ ባለሙያዎች ሪፖርት ስንጽፍ የምንቆጥረው የተሰራጨውን ጫጩት ነው። ከስድስት ወር በኋላ ቆጥ ላይ ያለውንስ ማን ይቆጥራል? ለሁሉም ቤት አንድ ዓይነት ዶሮ ማደል ለሁሉም ሰው አንድ ቁጥር ጫማ እንደመስጠት ነው። መኖ የሚገዛ ቤት ቦቫንስ ይውሰድ። ለሥጋ ገበያ የሚያስብ ሳሶ ይውሰድ። ጓሮ ያለው፣ ብር ያነሰው ኮክ ይውሰድ፤ ወይም የአገሯን ዶሮ መርጦ ያሻሽል። ምርጫው ግን የሚወስደው ሰው ይሁን።

ሌላም አለ። ስልጠና ሲጠራ የሚመጣው አባወራ ነው። ዶሮዋን የምታውቃት ግን እማወራዋ ናት። ጥሬ የምትበትነው እሷ፣ የምታስታቅፈው እሷ፣ እንቁላሉን ሽጣ ጨውና የልጆች ደብተር የምትገዛው እሷ ናት። ዶሮ ሲሞት ከኪሷ የሚወጣውም የእሷ ብር ነው። እሷ ሳትጠየቅ የዶሮ ዝርያ መወሰን የለበትም። አባወራዎች ሆይ፣ በሚቀጥለው ስልጠና እናንተ ከብት ጠብቁና እሷን ላኩልን። አታፍሩም፣ ትጠቀማላችሁ እንጂ!

አበው «ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት» ይላሉ። እኛም በቁጥር አንታለል። 300 እንቁላል የሚለው ቁጥር እውነት ነው፤ ግን ሙቅ ቤትና ሙሉ መኖ ላላት ዶሮ የተነገረ ነው። የእናንተ ጓሮ ምን እንዳለው የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ሲወጡ ስልካችሁን አብሩና አንድ በአንድ እዩአቸው። ከላይ ያለችው ማናት? ጥግ የተገፋችውስ? የትኛዋ ናት ባለፈው ዓመት ጫጩቶቿን ሁሉ ያደረሰችው? እሷን ለበዓል አትሽጧት። ስለ እሷ ሁለት መስመር ጽፋችሁ ከፎቶዋ ጋር ላኩልኝ፤ በቀጣዩ ጽሑፍ ጥሩ እናት ዶሮዎችን እንዴት ጎረቤት ለጎረቤት ዘር እንደምንለዋወጥ እንነጋገራለን።

መልካም ሥራ!